ዕድሜዋ ስንት ነው? ሕፃናትን ከወሲባዊ ጥቃት ስለሚጠብቁ ሕጎች፣ ከመንዝ ቀበሌ እስከ ዓለም አቀፍ ስምምነት

በመንዝም ሆነ በቡልጋ፣ በአንዲት ልጅ ላይ ጥቃት ሲደርስ ብዙ ጊዜ ከፖሊስ ቀድሞ ደጅ የሚደርሰው ሽማግሌ ነው። የአጥፊው ወገን ሦስት አራት የተከበሩ ሰዎች ይልካል፤ አንዳንዴ የንስሐ አባትም አብረው ይመጣሉ። «ነገሩ አደባባይ ከወጣ የልጅቷ ስም ይጠፋል፣ ማን ያገባታል?» ይባላል። ካሳ ይቆረጣል። ሲብስ ደግሞ ልጅቷን ለዚያው ላጠቃት ሰው መዳር እንደ እርቅ ይቀርባል። ምርቃቱ ይወርዳል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል። ልጅቷን የጠየቃት ሰው ግን የለም።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ሳስተምር አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ድንገት ቀረችብኝ። ወሬው የደረሰኝ ከሳምንታት በኋላ ነበር፤ «ታርቀው አልቋል» ተባልኩ። ያን ጊዜ ስለ ሕጉ የማውቀው «መድፈር ወንጀል ነው» ከሚለው አያልፍም ነበር። ማንን መጠየቅ፣ የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለብኝ አላወቅሁም። እዚህ የምጽፈው ያን ጊዜ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢያስረዳኝ ኖሮ ብዬ የምመኘውን ነው።

ሕጉ የሚጀምረው ከዕድሜ ነው

አሁን የምንዳኝበት የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ.ም. የወጣው፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ነው። በልጆች ላይ ለሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ሁለት የዕድሜ መስመር አስምሯል። ተጎጂዋ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች አንቀጽ 627 ይጠቀሳል፤ ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እሥራት ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ውስጥ ከሆነች አንቀጽ 626 አለ፤ ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። በሁለቱም ላይ ጉልበት ተጠቅሞ ነበር ወይ፣ «ወዳ ነው» ወይ የሚለው ክርክር ሰውየውን ነፃ አያወጣውም። ልጅ ናት፤ ፈቃዷ በሕግ ፊት ፈቃድ አይባልም። ኃይል ወይም ማስፈራራት ከተጨመረበት ደግሞ አንቀጽ 620 ይመጣል፤ ተጎጂዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ውስጥ ስትሆን ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ይደርሳል።

ሕጉ ልጅ በአደራ የተሰጠውን ሰው ለይቶ ያከብድበታል። ተማሪውን ያጠቃ መምህር፣ ሥራ የሚያለማምደውን ልጅ ያጠቃ ባለሙያ፣ አሳዳጊ፣ እንዲሁም የቤት ሠራተኛውን ያጠቃ አሠሪ ቅጣታቸው ከሌላው ይጠነክራል። «የቤት ሠራተኛ» የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ መጻፉን ብዙዎቻችን አናውቅም። ከኛ አገር ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ «ዘመድ ጋ ሆና ትማር» ተብለው የሚላኩት ልጆች ግን አብዛኞቹ ኑሯቸው እዚያ ቃል ውስጥ ነው።

ወንዶች ልጆችም በዚህ ጥበቃ ውስጥ ናቸው። አንቀጽ 620 የሚናገረው ስለ ሴት ተጎጂ ብቻ ስለሆነ «ወንድ ልጅ በሕግ አይደፈርም» የሚል የተሳሳተ ወሬ አለ። በወንድ ልጅ ላይ የተፈጸመ ጥቃት በሌሎች አንቀጾች፣ በተለይም በ631፣ ይቀጣል። ዝምታው ግን በወንዶቹ ላይ ይብሳል፤ አባት ለሽማግሌ እንኳ አይናገረውም።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ። እነዚህ ወንጀሎች ክሳቸው የሚመሠረተው በተጎጂው ቤተሰብ የግል አቤቱታ ላይ ተንተርሶ አይደለም። ክሱ የመንግሥት ነው፤ የሚይዘው ዐቃቤ ሕግ ነው። አባት ይቅር ብሏል ተብሎ መዝገብ አይዘጋም። ሽማግሌ ድንበር የተጋፉ ሰዎችን፣ ደም የተቃቡ ወገኖችን ያስታርቃል፤ ይህ የቆየና የተከበረ ሥራ ነው፤ እኔም ያደግሁት እሱን እያየሁ ነው። እዚህ ላይ ግን የሚያስታርቀው የእሱም የአባትየውም ያልሆነን ነገር ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ እንበል። ያለዕድሜ ጋብቻን የሚቀጣው አንቀጽ 648 ነው። ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች ያገባት ሰው እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ይቀጣል። ይህን ከላይ ካለው አንቀጽ 626 ጋር አስተያዩት። ያንኑ ልጅ ያለ ሠርግ ቢነካ እስከ 15 ዓመት፣ በሠርግ ሲሆን እስከ 3። አንቀጽ 620ም ቢሆን «ከጋብቻ ውጭ» የሚል ሐረግ አለበት። «እንግዲህ ያግባት» የሚለው የሽምግልና ሐሳብ አጥፊውን ምን ያህል እንደሚያቀልለት ያየሁት እነዚህን አንቀጾች ጎን ለጎን ሳነብ ነው። በእኔ እምነት ሕጉ ቀድሞ መስተካከል ያለበት እዚህ ጋ ነው።

መስተካከል የሚችል መሆኑንም አይተናል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። የ1996ቱ ሕግ ያንን ቀዳዳ ዘጋው፤ ዛሬ ጠለፋ በአንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፤ ማግባት አያድንም። ያ ቀዳዳ ሳይዘጋ ምን እንዳደረሰ የምታሳይ አንዲት ልጅ ወደ ኋላ ላይ ትመጣለች።

ዕድሜዋን ማን ያውቃል?

ሕጉ ይህን ሁሉ በ13 እና በ18 ላይ አሠመረ። ጥያቄው ዕድሜዋን ማን ያውቃል ነው። በኛ ገጠር ልጅ የተወለደችበትን ቀን እናት የምታስታውሰው በጥቅምት አዝመራ፣ በአንድ ታቦት ንግሥ ማግስት ወይም ጎረቤት በሞተበት ዓመት ነው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ፣ ወንድ በ40 ቀኑ ክርስትና መነሳቱ ይታወቃል፤ ዓመተ ምሕረቱን ግን የጻፈው ላይኖር ይችላል። ጉዳዩ ፖሊስ ጋ ሲደርስ «18 ሞልቷታል» የሚል ምስክር በቀላሉ ይገኛል። ሆስፒታል ተልካ ዕድሜዋ ሲገመትም የሚመጣው መልስ ግምት ነው፤ በ17 እና በ19 መካከል ያለውን አጥንት ቁርጥ አድርጎ አይናገርም። ጥርጣሬው ደግሞ የሚጠቅመው ተከሳሹን ነው።

መፍትሔው በወረቀት ደረጃ አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሄዶ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ከዚያ ወዲህ የተመዘገቡት ልጆች አድገው ይህ ወረቀት የሚያስፈልጋቸው ዕድሜ ላይ እየደረሱ ነው።

ዕድሜ ተጨምሮ የሚሠራው ወረቀት ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም የሚያገለግለው። ለሠርግ የተጨመረው ዕድሜ በማግሥቱ ለፓስፖርት ይሆናል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለመሄድ 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል፤ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬና ከአካባቢው ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ግን 15 እና 16 ሆነው «20» ተብለው ይሄዳሉ። እዚያ ቤት ውስጥ ጥቃት ሲደርስባት ሕግ የሚያያት እንደ ልጅ አይደለም፤ ፓስፖርቷ ትልቅ ሰው ናት ይላልና። በቀበሌ አንድ ሰው በብዕሩ የጨመራቸው 4 ዓመታት ባሕር ተሻግረው ጥበቃዋን ይነጥቋታል። ሰዎችን የመነገድና በሕገወጥ መንገድ የማሻገር ወንጀልን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አለ፤ ደላላውን ለመያዝ ግን እዚህም የሚያስፈልገው ያው የልደት ወረቀት ነው።

የ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች 40 በመቶዎቹ 18 ሳይሞላቸው፣ 14 በመቶዎቹ ደግሞ 15 ሳይሞላቸው አግብተዋል። በአዋጅ ተከልክሎ እያለ ማለት ነው። የክልላችን የአማራ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋብቻን ዕድሜ 18 ካደረገ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል።

72 ሰዓት

ሽምግልና ጊዜ ይወስዳል። መላክ፣ መቀጠር፣ «ቤተ ዘመድ ይምከር» ማለት፣ እንደገና መቀጠር አለ። ሳምንት ያልፋል። ሰውነቷ ግን ሳምንት አይሰጥም።

ጥቃት ለደረሰበት ልጅ ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፤ ከዚያም 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ለአቅመ ሔዋን ለደረሰች ልጅ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያው እስከ 120 ሰዓት ነው። የሕክምና ማስረጃውም እንዲሁ ነው፤ ሐኪም የሚያገኘው ነገር በየሰዓቱ ይቀንሳል። እናት መጀመሪያ የምታደርገው ልጇን ማጠብና ልብሷን ማጠብ ነው፤ ይህ የእናት አንጀት ነው፤ ማንም ሊወቅሳት አይገባም። ቢቻል ግን ሳትታጠብ፣ የለበሰችውም ልብስ ሳይታጠብ በወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ (በፌስታል ሳይሆን፤ ይሻግታል) ይዞ መሄድ ነው። ታጥባም ከሆነ ደግሞ «ረፍዷል» ብሎ መቅረት የለም። ሕክምናው ከማስረጃው ይቀድማል፤ የፖሊስ ወረቀት እስኪመጣ ሊጠብቅ አይገባም።

አርግዛ ከተገኘች ሕጉ ዝም አላላትም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 መሠረት በመደፈር ወይም በሥጋ ዘመድ የመጣ ፅንስን በጤና ተቋም ማቋረጥ አያስቀጣም፤ ማረጋገጫውም የእሷ ቃል ነው፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይጠየቅም። ይህን እንደየእምነታችን በተለያየ መንገድ ልናየው እንችላለን። ሕጉ እንዲህ የሚል መሆኑን ግን ቤተሰቡ ማወቅ አለበት፤ ባለማወቅ በየጓዳው የሚሞከረው ነገር ልጆችን ይገድላልና።

ከተማ ውስጥ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቦታ ለማድረግ የተጀመረ አሠራር አለ። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች ቦታዎች የሰፋው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሐኪሙን፣ ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉንና አማካሪውን በአንድ ጣሪያ ሥር ያስቀምጣል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ልጅቷ የደረሰባትን ለአምስት ሰው አምስት ጊዜ እንዳትናገር። ለሕፃናት ምቹ በሆኑ ችሎቶችም ልጅ በሌላ ክፍል ሆና፣ ተከሳሹን ሳታይ፣ ቃሏን በካሜራ ትሰጣለች፤ ጥያቄውንም አጠገቧ ያለው የሠለጠነ ባለሙያ በልጅ አነጋገር ያደርስላታል።

ከመርሐቤቴ ቆላ ወይም ከግሼ ተነስቶ ሆስፒታል ለመድረስ ግን የእግርና የመኪና መንገድ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ በክልላችን በቀጠለው ግጭት መንገዱ ራሱ የሚዘጋበት፣ የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የማይከፈትበት፣ ፖሊስ የሌለበት ጊዜ አለ። እንዲህ በሆነበት ቦታ የቀረን በር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ጤና ጣቢያው ነው። 72 ሰዓቱን ጠብቆ መድኃኒት ያስጀመረ ጤና ጣቢያ፣ ክሱ ከወራት በኋላ ቢመሠረት እንኳ፣ ልጅቷን አትርፏል።

የዓለም ስምምነት እዚህ ምን ያደርጋል?

«የተባበሩት መንግሥታት» ሲባል ብዙ ሰው ጆሮውን ይዘጋል፤ አልፈርድበትም። በዕድር ላስረዳ። ዕድርተኞች ተሰብስበው ደንብ ይጽፋሉ፤ የፈረመ ሁሉ ይገዛበታል፤ በየጊዜውም ስብሰባ ላይ ማን እንዳጎደለ ይነሳል። የመንግሥታት ስምምነትም እንደዚሁ ነው። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1989 ጸደቀ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ገባችበት። አንቀጽ 34 መንግሥታት ልጆችን ከማንኛውም ወሲባዊ ጥቃትና ብዝበዛ እንዲጠብቁ ያስገድዳል። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በአንቀጽ 21 ጋብቻን ከ18 ዓመት በታች ይከለክላል። ከዕድር የሚለየው፣ ጉድለት ሲገኝ ድንኳን የሚከለክል፣ ቅጣት በግድ የሚያስከፍል አለመኖሩ ነው። መንግሥት በየተወሰነ ዓመት ጄኔቫ ላለው የባለሙያዎች ኮሚቴ ሪፖርት ያቀርባል፤ ኮሚቴው ይጠይቃል፣ ያሳስባል። የአገር ውስጥ ማኅበራትም የራሳቸውን ሪፖርት ማቅረብ ይችላሉ።

እኛ ዘንድ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ስለዚህ አንድ ጠበቃ ደብረ ብርሃን ችሎት ፊት ቆሞ ኮንቬንሽኑን ሊጠቅስ ይችላል። አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን የሚመለከት ማንኛውም እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። «የቤተሰቡ ክብር»፣ «የሁለቱ ወገን ሰላም» የሚሉት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ከላይ ያልኳት ልጅ ታሪክ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በአርሲ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች፤ ጋብቻም እንድትፈርም ተገደደች። በ2003 ፍርድ ቤት ጠላፊውን 10 ዓመት ፈረደበት፤ በዚያው ዓመት ይግባኝ የቀረበለት ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮ ለቀቀው። የኢትዮጵያ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ጋር ሆኖ ጉዳዩን ባንጁል ጋምቢያ ላለው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አቀረበው። ኮሚሽኑ ኢትዮጵያ ልጅቷን ባለመጠበቋ መብቷን ጥሳለች ብሎ 150,000 ዶላር ካሳ እንዲከፈላት ወሰነ። ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። ለእሷ ዘግይቷል፤ ከእሷ በኋላ ላሉት ግን የጠለፋው ሕግ በመሐል ተቀይሮ ነበር።

ሁለተኛው የትብብር መልክ በስልክ ነው። የልጅ ወሲባዊ ምስል መቅረጽ፣ መላክ፣ ማስፈራሪያ ማድረግ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ምስሉ ግን ደብረ ሲና ተቀርጾ በሌላ አገር ኮምፒውተር ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ የዞን ፖሊስ ብቻውን አይደርስበትም። በአሜሪካ ሕግ እዚያ ያሉ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች እንዲህ ያለ ምስል ሲያገኙ የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል ለሚባለው ተቋም ማሳወቅ አለባቸው፤ ማዕከሉም ጥቆማውን ጉዳዩ ለሚመለከተው አገር ያስተላልፋል። ኢንተርፖል ደግሞ የምስሎች መዝገብ አለው። መርማሪዎች እዚያ የሚያዩት ልጁን ብቻ ሳይሆን ከኋላ ያለውን ግድግዳ፣ የመብራት ሶኬቱን፣ የሚሰማውን ቋንቋ ነው፤ አማርኛ ከተሰማ ወዴት መደወል እንዳለባቸው ያውቃሉ። አንዴ የታወቀ ምስልም እንደ ጣት አሻራ ያለ መለያ ስለሚሰጠው እንደገና ሲላክ ይያዛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 የተቀላቀለችው የኮንቬንሽኑ ተጨማሪ ፕሮቶኮልም የልጆችን ሽያጭ፣ ለዝሙት ማዋልንና እንዲህ ያሉ ምስሎችን በወንጀል መቅጣትን፣ አጥፊን አሳልፎ መስጠትንና ማስረጃ መለዋወጥን ግዴታ ያደርጋል።

ሦስተኛው እርዳታ ባለበት ቦታ ያለው ነው። ከወሎ ጃሪ የልጆች መንደር የቀረ መራራ ትዝታ አለ፤ ጦርነትና ረሃብ ወላጅ ያሳጣቸውን ልጆች ይመራ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ ወንዶች ልጆችን በማጥቃቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በአገራችን ፍርድ ቤት 9 ዓመት ተፈርዶበታል። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ የሚያስገድድ መመሪያ አወጡ። ከ18 ዓመት በታች ካለ ሰው ጋር ወሲብ የአገሩ ሕግ ቢፈቅድ እንኳ ለሠራተኞቹ ክልክል ነው፣ እርዳታን በወሲብ መለወጥም እንዲሁ። ዛሬ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከወለጋና ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው በመጠለያ የሚኖሩ ልጆች አሉ። ዱቄት የሚያከፋፍለው፣ ስም የሚመዘግበው ሰው በእነሱ ላይ ሥልጣን አለው። በየመጠለያው ቅሬታ የሚቀርብበት መንገድ መኖር አለበት፤ እናቶች የት እንደሆነ ካልተነገራቸው በርትተው ይጠይቁ፤ መጠየቅ መብታቸው ነው።

ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ዛሬ በሕይወት ካሉት ሴቶች ከ8ቱ አንዷ፣ ከወንዶች ደግሞ ከ11ዱ አንዱ 18 ዓመት ሳይሞላቸው መደፈር ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። የሩቅ ቁጥር ይመስላል። የእኔ አንድ ክፍል 60 ተማሪ አለው።

«ዝም አይነቅዝም» ብለው ያሳደጉን ወላጆቻችን ከብዙ ጠብ አድነውናል። ልጅ አፏን ከፍታ ስትናገር ግን ዝም ማለት ሌላ ነገር ነው። ብትነግርህ፣ ብትነግርሽ፣ እንዲህ ነው። «ለምን ሄድሽ?» አይባልም። ደጋግሞ አይጠየቅም፤ በራሷ አነጋገር ያለችውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን በወረቀት መጻፍ ይበቃል። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ይባላል። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ፖሊስ። ሽማግሌ መንገድ ላይ ካገኘን በአክብሮት ጎንበስ ብለን «አባቶቼ፣ ይህስ የእርቅ ጉዳይ አይደለም» ብለን እናልፋለን።